የተማሪው ልብም ይማር
በላስታ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስሜትን ስለ ማወቅና በሰላም አብሮ ስለ መኖር የቀረበ ትምህርት



ስለ ትምህርት ስናነሣ በብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ደብተር፣ ጥቁር ሰሌዳና ፈተና ነው። ልጁ ስንት አመጣ? ስንተኛ ወጣ? አለፈ ወይስ ወደቀ? ብለን እንጠይቃለን። መጠየቃችንም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ያው ልጅ ሲቆጣ ምን ያደርጋል? ሲያዝን ለማን ይናገራል? ከባልንጀራው ጋር ቢጣላ በምን መንገድ ይታረቃል? ብሎ የሚጠይቅ ወላጅም ሆነ መምህር ብዙ አይገኝም። እነዚህ ነገሮች ልጁ ከቤቱ ይዞት የመጣው ዐመል ናቸው ተብለው ይታለፋሉ።

በዚህ ጽሑፍ ይህ አስተሳሰብ በቂ አለመሆኑን፣ በተለይም በላሊበላ ከተማና በላስታ ደጋ ለሚማሩ ወጣቶች ስሜትን የማወቅና ከሰው ጋር በሰላም የመኖር ትምህርት እንደ ትርፍ ነገር ሊታይ እንደማይገባ እንመለከታለን። በመጀመሪያ የቃሉን ትርጉም፣ ቀጥሎ የአካባቢውን ሁኔታ፣ ከዚያም መምህሩ በክፍል ውስጥ ሊያደርግ የሚችለውን፣ በመጨረሻም ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡትን ነጥቦችና የቁምስናውን ድርሻ በቅደም ተከተል እናያለን።

1. ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት ምንድን ነው?

ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት ማለት ሰው የራሱን ስሜት ለይቶ የሚያውቅበትንና የሚገዛበትን፣ የሌላውን ስሜት የሚረዳበትን፣ ከሌሎችም ጋር ተስማምቶ የሚኖርበትን ችሎታ በልምምድ የሚቀስምበት ትምህርት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ስሜትን ማወቅና በአግባቡ መጠቀም ራሱን የቻለ የአእምሮ ችሎታ መሆኑን ጻፉ። በ1994 እ.ኤ.አ. ደግሞ ይህንኑ ትምህርት ወደ ትምህርት ቤቶች ለማስገባት «ካስል» በሚል አጭር ስም የሚታወቅ ማኅበር በዚያው አገር ተቋቋመ። ማኅበሩ ትምህርቱን በአምስት ይከፍለዋል፤ እነርሱም፦

ሀ. ራስን ማወቅ፤
ለ. ራስን መግዛት፤
ሐ. ሌላውን መረዳት፤
መ. መልካም ግንኙነት መመሥረትና መጠበቅ፤
ሠ. ኃላፊነት የተሞላበት ውሳኔ መስጠት ናቸው።

ይህ ትምህርት ከሌላው ትምህርት ጊዜ ይሻማል ብለው የሚሠጉ አሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ዱርላክና ባልደረቦቹ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚገኙ 270,034 ተማሪዎች የተካፈሉባቸውን 213 መርሐ ግብሮች በአንድነት መርምረው ያወጡት ጥናት ግን ተቃራኒውን ያሳያል። ትምህርቱን ያገኙ ተማሪዎች በጠባያቸው መሻሻላቸው ብቻ ሳይሆን በቀለም ትምህርታቸውም በአማካይ 11 ደረጃ ከፍ ብለው ተገኝተዋል፤ ይኸውም ከ100 ተማሪዎች መካከል በ50ኛው ደረጃ ላይ የነበረ ወደ 61ኛው ይወጣል እንደ ማለት ነው። በውጤታማነትም ከውጭ ከሚመጣ ባለሙያ ይልቅ የክፍሉ መምህር ራሱ ያስተማራቸው የተሻሉ ሆነው ታይተዋል። ጥናቱ በአብዛኛው የተደረገው በአሜሪካ ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደ ላስታ ማምጣት አይቻልም፤ ዋናው ሐሳብ ግን ለእኛም ይጠቅማል።

ስሙ አዲስ ነው እንጂ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አማርኛችን ለስሜት የሚሰጠው ስም እጅግ የበለጸገ ነው። ሆድ ባሰው፣ አንጀቱ ተላወሰ፣ ቆሽቱ አረረ፣ ልቡ ተሰበረ እንላለን፤ እያንዳንዱም የራሱ ትርጉም አለው። ቁጣ ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል፤ ኩርፊያ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እልህ ለማሸነፍ ይገፋፋል፤ ቂም ግን ጊዜ ጠብቆ ይወጣል። እነዚህን ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ራስን የማወቅን ትምህርት ጀምሯል ማለት ነው። በሌላ በኩል «ሆድ ይፍጀው» የሚለው አባባላችን ሐዘንን ውጦ መኖርን እንደ ጨዋነት ያስቆጥራል። መቻል መልካም ነው፤ ሆኖም መቻልና መታፈን አንድ አይደሉም።

በቤተ ክርስቲያናችንም ትምህርቱ ሥር ያለው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣልያን በቶሪኖ ከተማ ለድሆች ወጣቶች የደከመው ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ የማስተማር ዘዴውን በአስተዋይነት፣ በሃይማኖትና በፍቅራዊ ቸርነት ላይ መሠረተ፤ ተማሪው ካጠፋ በኋላ ከመቅጣት ይልቅ እንዳያጠፋ አብሮት መዋልን መረጠ። ልጆቹ ሳሌዥያውያን ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንን መንፈስ ይዘው በአገራችን በመቀሌ፣ በኋላም በሌሎች ከተሞች አስተምረዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በጥቅምት 28 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ ወጣቶች በአካል፣ በግብረ ገብና በአእምሮ ተስማምተው እንዲያድጉ መረዳት እንደሚገባቸው አስተምሯል።

2. የላስታ ተማሪ ይዞት የሚመጣው ሸክም

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉት የገጠር ቀበሌዎች በገደልና በሸለቆ የተለያዩ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ወደሚለው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጡ ናቸው። ስለዚህ ብዙ የገጠር ልጆች 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ከወላጆቻቸው ተለይተው በከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ በሶና ቆሎ፣ እንጀራና ሽሮ ከቤታቸው ተሸክመው ይመጣሉ፤ ስንቁ ሲያልቅ ተመልሰው ዳገቱን ይወጣሉ። የ15 ወይም የ16 ዓመት ልጅ ያለ እናትና አባት ራሱን ሲያስተዳድር፣ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሳሳት የሚገሥጸው ሰው በአጠገቡ አይኖርም።

በዚህ ላይ የዘመኑ መከራ ተጨምሯል። በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለብዙ የከተማዋ ቤተሰቦች በጎብኚዎች በኩል የእንጀራ ምንጭ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ጎብኚው ቀረ። ከሐምሌ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማዋ በጦርነቱ ውስጥ ወደቀች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ተላለፈች። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. መጨረሻም በከተማዋ ዳግመኛ ውጊያ ተካሄደ። በእነዚህ ዓመታት በላስታ የኖረ ተማሪ የተኩስ ድምፅ ሰምቷል፤ ትምህርት ሲቋረጥና ሲጀመር አይቷል፤ ከዘመዱ ወይም ከጎረቤቱ የሞተበት ልጅም ጥቂት አይደለም።

የፈተናው ነገርም አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በአገር አቀፍ ደረጃ በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት አብዛኛው ተማሪ ከ12 ዓመት ትምህርት በኋላ የሚቀበለው የመጀመሪያ ነገር «አልቻልህም» የሚል ቃል ነው። ይህንን ቃል እንዴት እንደሚሸከመው ያስተማረው ማን ነው? አንዱ ወደ ዐረብ አገር የሚወስደውን የስደት መንገድ ያስባል፤ ሌላው መሣሪያ ማንሣትን፤ ሌላይቱ ሳትወድ ትዳርን። የሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት መሆኑ ቢታወቅም ተስፋ የቆረጠ ቤተሰብ ዕድሜ አይቆጥርም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የተነሣው ጉዳይ የጠባይ ማሳመሪያ ሳይሆን የወጣቱ ሕይወት ነው።

3. በክፍል ውስጥ ያሉ እንቅፋቶች

መምህሩ ይህንን ትምህርት እንዳይሰጥ የሚያግዱት ነገሮች ጥቂት አይደሉም። አንደኛ፣ ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ በመሆኑ የሁሉን ስም ማወቅ እንኳ ያዳግታል። ሁለተኛ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ሰው ደግሞ ኀዘኑን በተውሶ ቋንቋ አይናገርም። ሦስተኛ፣ ለብዙ ዘመን የለመድነው ትምህርት ተማሪው አድማጭ፣ መምህሩ ተናጋሪ የሚሆንበት ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት መምህሩንም ጭምር አድማጭ አደረገው፤ ቴሌቪዥኑ ተማሪው ገባው አልገባው አይጠይቅም ነበርና። አራተኛ፣ «አንድ ለአምስት» በሚል የተዋቀረው የተማሪዎች ቡድን ለመረዳዳት የታሰበ ቢሆንም በብዙ ቦታ የመቆጣጠሪያ መልክ ስለያዘ፣ ተማሪው በቡድን ውስጥ ልቡን ከመክፈት ይልቅ መጠንቀቅን ተማረ።

ይሁን እንጂ መሣሪያዎቹም በእጃችን አሉ። እያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ መምህር አለው። ክበባት አሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አካባቢው ራሱ ትምህርት ቤት ነው፦ ሽምግልናው፣ ዕድሩ፣ ደቦው፣ በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያስታርቁበት የአበጋር ሥርዓት፣ ታላቁ ታናሹን የሚያስቀጽልበት የአብነት ትምህርት ቤት ልማድ።

4. መምህሩ ምን ያድርግ?

ሀ. ተማሪውን በስሙ ይጥራ። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የማንም ልጅ ሆኖ በከተማ ለሚኖር ተማሪ ስሙን የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። የክፍል ኃላፊው መምህር በየቀኑ አምስት ተማሪዎችን እንኳ «ከየት ቀበሌ ነህ? ከማን ጋር ትኖራለህ?» ብሎ ቢጠይቅ ስድሳ ተማሪ ያለበትን ክፍል በ12 የትምህርት ቀናት ይጨርሳል።

ለ. በሳምንት አንድ ጊዜ ዐሥር ደቂቃ ይመድብ። በሰኞ ጠዋት ተማሪው ስሙን ሳይጽፍ በቁራጭ ወረቀት ላይ በአማርኛ በአንድ ቃል የዕለቱን ስሜቱን ይጻፍ፦ ኩርፊያ፣ ተስፋ፣ ሥጋት፣ ናፍቆት። መምህሩ ወረቀቶቹን ሰብስቦ ቃላቱን ብቻ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ተማሪው የእርሱ ብቻ የመሰለው ናፍቆት የሃያ ሰው መሆኑን ሲያይ ብቸኝነቱ ይቀልለታል። ራስን ማወቅና ሌላውን መረዳት በአንድ ጊዜ የሚለመዱት በዚህ ነው።

ሐ. ቁጣን የማብረድ ልማድ ያስተምር። የሚያስፈራ ወይም የሚያስቆጣ ነገር ሲገጥም ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ማመዛዘን ይደክማል፤ የሰውን ፍላጎት የሚገታው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ በማደግ ላይ ነው። ስለዚህ «ተረጋጋ» ማለት ብቻ አይጠቅምም፤ እንዴት እንደሚረጋጋ ማሳየት ያስፈልጋል። በዝግታ መተንፈስ፣ ከመመለስ በፊት ዐሥር መቁጠር፣ ከሥፍራው ለጥቂት ጊዜ ፈቀቅ ማለት፣ ከዚያም «እንዲህ ስትለኝ እንዲህ ተሰማኝ» ብሎ መናገር ይለመዳል። ይህ በድንጋጤ ሰዓት የሚማሩት ስላልሆነ በሰላሙ ጊዜ ደጋግሞ መለማመድ ይገባል።

መ. ከመፍረድ በፊት ይጠይቅ። ለምሳሌ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት ሦስት ቀን እያረፈደች ትመጣለች እንበል። የተለመደው ቅጣት ማንበርከክ ነው። መምህሩ ግን ለብቻዋ «ጠዋት ምን ይገጥምሻል?» ብሎ ቢጠይቃት፣ ለቤት ኪራይዋ ስትል ለአከራይዋ ውኃ እንደምትቀዳ ሊያውቅ ይችላል። ያን ጊዜ ከአከራይዋ ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን ማስለወጥ ይቻላል፤ መንበርከኳ ግን ውኃውን አይቀዳላትም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። መጠየቅ ጥፋትን ማለፍ አይደለም፤ ልጅቷ ለአዲሱ ሰዓት ቃል ትገባለች፣ ቃሏንም ትጠብቃለች።

ሠ. የተጣሉትን ተማሪዎች ያስታርቁ ዘንድ ተማሪዎችን ያሠልጥን። ሽምግልና ሁለቱን ወገን በየተራ ማድመጥን፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለትን፣ በደልን በስሙ መጥራትን፣ ካሣና ይቅርታን ያስተምራል። በክፍሉ ውስጥ ከሁለቱም ጾታ የተመረጡ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚያምኑአቸው ሦስት ወይም አራት ሽማግሌዎች ቢኖሩ ብዙ ትንንሽ ጠብ ወደ ዳይሬክተሩ ሳይደርስ ይፈታል። ድብደባን፣ መድፈርንና ማስፈራራትን የመሰለ ከባድ በደል ግን በተማሪ ሽምግልና አይታይም፤ ወደሚመለከተው አካል ይሄዳል።

ረ. ውድቀትን መቀበልን ያስተምር። ፈተና ሲመለስ ውጤቱን በክፍሉ ፊት እየጠሩ ማሳፈር ይቅርና፣ ተማሪው «የትኛው ጥያቄ አመለጠኝ? ለምን? በሚቀጥለው ምን እለውጣለሁ?» ብሎ እንዲጽፍ ይደረግ። ከ12ኛ ክፍል ፈተና በፊትም የሙያ ትምህርትን፣ ንግድን፣ ግብርናን፣ ዳግመኛ መፈተንን የመሳሰሉት መንገዶች በግልጽ ይነገሩ። አንድ በር ብቻ የሚያውቅ ልጅ በሩ ሲዘጋ ሕይወት የተዘጋ ይመስለዋል።

5. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነጥቦች

አንደኛ፣ ማንንም ተማሪ የደረሰበትን መከራ በሰው ፊት እንዲናገር አናስገድድ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» እንደተባለው ቁስሉ ያልጠገገ ልጅ ሳይዘጋጅ እንዲናገር ቢደረግ ይብስበታል። መናገር የፈለገውን ማድመጥ እንጂ ዝም ያለውን መጎትጎት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ይቅርታን አናስቸኩል። «ያልተነካ ግልግል ያውቃል» ይባላል። ወንድሙ የሞተበትን ተማሪ በአንድ ሰዓት ትምህርት «ይቅር በል» ማለት ኀዘኑን መናቅ ይመስላል። ጌታችን ወደ ኤማሁስ ለሚሄዱት ሁለት ደቀ መዛሙርት መጻሕፍትን ከመተርጐሙ በፊት ስለምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ ኀዘናቸውንም እስከ መጨረሻው አደመጠ። ቅደም ተከተሉ ለእኛም ትምህርት ነው።

ሦስተኛ፣ መምህር ሐኪም አይደለም። ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የተወ፣ ከሰው የራቀ፣ በድምፅ የሚባንን፣ ይልቁንም ስለ መሞት የሚናገር ተማሪ ቢኖር፣ ብቻውን ሳይተዉት ለቤተሰቡ ማሳወቅና ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል። ጸበልና ጸሎት የሚከለከሉ አይደሉም፤ ሕክምናውን ግን አይተኩም።

አራተኛ፣ ስሜትን ማስተማር እንጀራን አይተካም። ነቢዩ ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር መልአኩን የላከለት በቅድሚያ በስብከት ሳይሆን በእንጐቻና በውኃ፣ በእንቅልፍም ነበር። ስንቁ ያለቀበትን ልጅ ስለ ትዕግሥት ማስተማር ከንቱ ነው።

አምስተኛ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት የስብከት ቦታ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖና ከፖለቲካ ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። በላስታ የእኛ ቁጥር ጥቂት ነው፤ ተማሪዎቹ በአብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ናቸው፤ ሙስሊሞችም አሉ። ስለዚህ ያዘነን ልጅ መርዳት ወደ ራስ ለመሳብ መንገድ ቢሆን ርዳታው ይበላሻል፤ እምነታችን በሥራችን ቢታይ ይበቃል።

6. የቁምስናውና የወላጆች ድርሻ

በ1968 እ.ኤ.አ. ጄምስ ኮመር የተባለው የየል ዩኒቨርሲቲ ሐኪም በኒው ሄቨን ከተማ በሁለት የድሆች ሠፈር ትምህርት ቤቶች ሥራ ሲጀምር ያደረገው ዋና ነገር ወላጆችን፣ መምህራንንና የልጆችን ጠባይ የሚያውቁ ባለሙያዎችን በአንድ ሸንጎ ማስቀመጥ ነበር። ጥፋተኛ መፈለግ ተወ፤ ችግር መፍታት ተጀመረ። ከዓመታት በኋላ የተማሪዎቹ ጠባይም ውጤትም ተሻሻለ።

ለእኛ ይህ ከባድ አይደለም። ቁምስና ባለበት ሥፍራ ሁሉ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች ያለ ሃይማኖት ልዩነት መዝግቦ ማወቅ፣ ለያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ ቀን ቡና ጠርታ «እንዴት ከረምህ ልጄ?» የምትል እናት መመደብ፣ ማታ መብራትና ወንበር ያለበት የማጥኛ ክፍል መክፈት፣ ስንቅ ላለቀበት ጥቂት እህል ማስቀመጥ ይቻላል። ወላጅም ገበያ በወጣበት ቀን ትምህርት ቤቱን ይጎብኝ፤ ስለ ውጤት ከመጠየቁ በፊት ስለ ልጁ ደኅንነት ይጠይቅ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደግሞ ትምህርታችሁን ከመጀመራችሁ በፊት «ሳምንቱ እንዴት ነበር?» ብላችሁ አምስት ደቂቃ አድምጡ። መምህሩም ራሱ ደመወዙ የማይበቃው፣ ያንኑ ጦርነት ያለፈ ሰው መሆኑን አንርሳ፤ እርሱንም የሚያደምጠው ሰው ያስፈልገዋል።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ያለ ወላጅ የሚከታተላቸው ሳይኖር ቤት ተከራይተው የሚማሩ ተማሪዎች ስንት ናቸው? ስማቸውን እናውቃለን?
2. ቁጣን፣ ኩርፊያን፣ እልህንና ቂምን ለወጣቶች በምሳሌ ለይተን እንዴት እናስረዳለን?
3. በአካባቢያችን የሽምግልና ሥርዓት ውስጥ ለተማሪዎች ሊጠቅሙ የሚችሉት የትኞቹ ናቸው? የማይጠቅሙትስ?
4. «ሆድ ይፍጀው» የምንልበትና የማንልበት ጊዜ መቼ ነው?
5. እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ቁምስናችን ሊጀምረው የሚችለው አንድ ሥራ ምንድን ነው? ኃላፊነቱን የሚወስደውስ ማን ነው?